ከሃምቡርግ ስቶክሆልም ብቻዬን በመኪና፦ በየት በኩል፣ በስንት ቀን፣ መኪናውንስ የት ላቁም?

የኤልቤ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በኦክቶበር መጀመሪያ ከሃምቡርግ ተነስቼ ስቶክሆልም ድረስ ብቻዬን ልነዳ ነው። እዚያ አራት ሌሊት አድራለሁ። መኪናው የ2012 ጎልፍ ናፍታ ነው፣ የጭስ ደረጃው ዩሮ 5። መንጃ ፈቃዴ የጀርመን ነው፤ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ሲሆን የጀርመን መኖሪያ ካርድ አለኝ። ካርታው 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳያል። መሪውን ተቀብሎኝ የሚያሳርፈኝ ሰው ስለማይኖር አስቀድሜ በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ።

በየትኛው መንገድ ልሂድ? በአንድ ቀን ይደረሳል ወይስ ማደር አለብኝ? የድልድዮቹና የከተማው ክፍያ እንዴት ነው የሚከፈለው? መኪናው ላይ ከጀርመን የተለየ የሚጠየቅ ነገር አለ? ስቶክሆልም ስደርስስ የት ላቁም? ዋጋ በግምትም ቢሆን ይጠቅመኛል።

ባልቲክ፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ሰዓቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የጀልባው ሰሌዳም የመንገድ ምልክቱም በዚያ ነውና።

ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በፑትጋርደን በኩል ነው። በኤ1 ሉቤክን አልፈሽ ትቀጥያለሽ፣ ወደቡ ከሃምቡርግ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀልባው ዴንማርክ ውስጥ ወዳለችው ሮድቢ በ45 ደቂቃ ያደርሳል፤ ቀኑን ሙሉ በግማሽ ሰዓት ልዩነት ስለሚመላለስ አንዱ ቢያመልጥሽ ብዙ አትጠብቂም። ከሮድቢ ኮፐንሃገን 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ የኦሬሱንድን ድልድይ ተሻግረሽ ማልሞ ትገቢያለሽ፣ ከማልሞ ስቶክሆልም ደግሞ 615 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። የምትነጅው በድምሩ 970 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል።

ሁለተኛው ጀልባ የሌለበት ነው፦ በኤ7 ፍሌንስቡርግ፣ ኮልዲንግ፣ ኦደንሴ፣ የስቶሬቤልት ድልድይ፣ ኮፐንሃገን። ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ክፍያውም የሁለት ድልድይ ነው። ስቶሬቤልት ለተራ መኪና ከ250 የዴንማርክ ክሮነር በላይ ያስከፍላል፣ 35 ዩሮ አካባቢ ማለት ነው። መክፈያ ጣቢያው ድልድዩን ተሻግረሽ በኮፐንሃገን በኩል ባለው ዳርቻ ላይ ነው። ድልድዩ በእውነት የሚታይ ነው፤ የተንጠለጠለው ክፍል በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ብቻ 1,624 ሜትር ይዘረጋል። ለብቻው የሚነዳ ሰው ግን በዚህ መንገድ ከመሪው የሚላቀቅበት ግዴታ የለውም። በፑትጋርደን በኩል ያለው ጀልባ ወደድሽም ጠላሽም 45 ደቂቃ ከመኪናው ያስወርድሻል፣ ትበያለሽ፣ እግርሽን ታፍታቻለሽ። ለአንቺ የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። በፑትጋርደንና በሮድቢ መካከል የሚሠራው የባሕር ሥር ዋሻ ሲከፈት ይህ ስሌት ይለወጣል፤ እስከዚያ ግን መሻገሪያው ጀልባው ነው።

ሦስተኛው ከሉቤክ አጠገብ ካለችው ትራቬሙንደ ማታ ተነስቶ ጠዋት ስዊድን ውስጥ ትሬሌቦርግ የሚያደርሰው ትልቁ ጀልባ ነው። ካቢን መያዝ ስላለብሽ ይወደዳል።

በአንድ ቀን ይደረሳል ወይ ላልሽው፦ በፑትጋርደን በኩል ከሆነ አታድርጊው። መንገዱ ጥሩ ስለሆነ 970 ኪሎ ሜትር በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ችግሩ የመጨረሻዎቹ 300 ኪሎ ሜትሮች በጨለማ፣ በጫካ መካከል፣ ሰውነት በዛለበት ሰዓት መውደቃቸው ነው። በኦክቶበር መጀመሪያ በዚያ አካባቢ ከ18፡30 በኋላ ይጨልማል። ዮንሾፒንግ እደሪ። ከሃምቡርግ 6፡00 ላይ ከወጣሽ በ8፡00 አካባቢ ጀልባ ላይ ትሆኛለሽ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ማልሞን ታልፊያለሽ፣ ሁለት ጊዜ አርፈሽም ቢሆን ከ16፡30 በፊት ዮንሾፒንግ ትደርሻለሽ። ለማግስቱ የሚቀርሽ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከተቻለሽ አርብ ተነሺና ቅዳሜ ግቢ። ቅዳሜና እሑድ ስቶክሆልም ውስጥ የመጨናነቅ ግብር (መሐል ከተማ የሚገባና የሚወጣ መኪና የሚከፍለው) የለም፣ መንገዱም ይቀላል።

ስለ ኦሬሱንድ ድልድይ አንድ ነገር፦ በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተከፈተው ይህ መሻገሪያ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዴንማርክ ስትወጪ መጀመሪያ በባሕር ሥር 4 ኪሎ ሜትር ዋሻ፣ ቀጥሎ ሰው የሠራው ደሴት፣ በመጨረሻ ድልድዩ ነው። ዋሻው ውስጥ 90፣ ድልድዩ ላይ 110 ነው የሚነዳው። ክፍያው ስዊድን ዳርቻ ላይ ነው፤ ያለ ደንበኝነት ውል ለአንድ ጉዞ ከ50 ዩሮ ይበልጣል። አስቀድመሽ በኢንተርኔት የታርጋ ቁጥርሽን አስገብተሽ ብትከፍዪ ጣቢያው ላይ ከመክፈል ይረክሳል። ሄደሽ ስለምትመለሺ የዓመቱን የቅናሽ ውል ዋጋም አነጻጽሪ፤ አንዳንዴ ለአንድ ደርሶ መልስ እንኳ ያዋጣል። ጀልባውን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ጀልባውንና ድልድዩን አንድ ላይ የሚሸጥበት ቲኬትም አለው፣ እሱንም እዪ። ጣቢያው ላይ ለደንበኞች ብቻ የተለዩ መስመሮች ስላሉ ከላይ ያለውን ምልክት ሳታነቢ አትግቢ። ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም።

ኃይለኛ ነፋስ ካለ ድልድዩ ለቀላል ተሽከርካሪና ለተጎታች የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ጣሪያ ላይ ሻንጣ የምትጭኚ ከሆነ ጠዋት የድልድዩን ድረ ገጽ ተመልከቺ።

ናፍታ መካኒክ፦

ልጄ፣ እኔ ስለ መኪናው ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ጎማ ነው። በስዊድን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ የክረምት መልክ ከያዘ የክረምት ጎማ ግዴታ ነው፣ የውጭ ታርጋም ይመለከተዋል፤ የጥርሱ ጥልቀት ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። አንቺ በኦክቶበር መጀመሪያ ስለምትሄጂ ሕጉ አይደርስብሽም። ሆኖም ጎማሽ የበጋ ከሆነና ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ቀይሪው፤ ዴንማርክ ላይ የሚጥለው ዝናብ በሞተር መንገድ ውሃ ያቁራል፣ ያለቀ ጎማም ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ነፋሱን ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለኪው፣ ለጭነት የተጻፈው መጠን በነዳጅ ክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ወይም በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ አለ።

ተጠባባቂ ጎማ እንዳለሽ ክፈቺና እዪ። በብዙ ጎልፍ ውስጥ ያለው የጎማ መሙያ ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ብቻ ነው። እሱ በሚስማር የተበሳን ይደፍናል፣ የጎኑ ግድግዳ ከተቀደደ ግን አይሠራም። ተጠባባቂ ካለ ደግሞ የስርቆት መከላከያው ቡሎን መፍቻ አብሮ መኖሩን አረጋግጪ። ክሪክና ቁልፍ ሞልቶ ያቺ ትንሽ መፍቻ ከጠፋች ጎማው አይወልቅም፣ ጎታች መጥራት ነው። ቡሎኖቹ በ120 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ፤ ጎማ ከተቀየረ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይፈተሻሉ።

መብራት፦ ዴንማርክም ስዊድንም በጠራራ ፀሐይ እንኳ መብራት ሳይበራ አይነዳም። የቀን መብራት በቂ ነው፣ ግን በአንቺ መኪና የቀን መብራቱ ከፊት ብቻ ነው የሚበራው፣ ከኋላ ጨለማ ነሽ። ዝናብ፣ ጭጋግ ወይም ዋሻ ሲመጣ ማብሪያውን ራስሽ ወደ አጭር መብራት አዙሪ። አውቶማቲኩ ጨለማን እንጂ ጭጋግን አይለይም። በእኔ ምክር ከመነሻ እስከ መድረሻ አጭር መብራት ላይ ተዪው።

የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ ቅዝቃዜ በሚችለው ሙዪ። ሦስት ማዕዘኑና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ሻንጣው ውስጥ ይሁን፣ አንጸባራቂ ሰደሪያው ግን ከእጅሽ አጠገብ፣ በሩ ኪስ ውስጥ። ሰደሪያ ፍለጋ ወደ ኋላ ሻንጣው የሚዞር ሰው ያለ ሰደሪያ መንገድ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ነዳጅ፦ ጎልፍሽ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ገደማ ቢበላ ለመሄጃው 50 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ጀርመን ውስጥ ሞልተሽ ተነሺ፣ ከዚያ ስዊድን ውስጥ አንድ ጊዜ ትሞያለሽ። ስዊድን ስትቀጂ በቀለም አትመሪ፣ በአፉ ላይ ያለውን ምልክት አንብቢ። የናፍታ ምልክት አራት ማዕዘን፣ የቤንዚን ክብ ነው። ለአንቺ መኪና ቢ7 የተጻፈበት አራት ማዕዘን ነው። እዚያው አጠገቡ ኤክስ-ቲ-ኤል የተጻፈበት ሌላ አራት ማዕዘን ታገኛለሽ፤ ከአትክልት ዘይትና ከመሰል ነገር የተሠራ ናፍታ ነው፣ ፋብሪካው ላልፈቀደለት አሮጌ ሞተር አትሞክሪው። ክብ ውስጥ ኢ85 የሚለው አብዛኛው አልኮል ነው፣ ናፍታ ሞተር ውስጥ ከገባ መዘዙ ብዙ ነው። ተሳስተሽ ከቀዳሽ ሞተሩን አታስነሺ፤ ቁልፉንም እንኳ አታዙሪ፣ ፓምፑ ነዳጁን ወደ መስመሩ ይስበዋልና። ባለበት ይጎተትና ታንከሩ ይራገፍ።

ብዙ ማደያዎች ሰው የላቸውም። ማሽኑ ካርድና የሚስጥር ቁጥር ይፈልጋል። በጀርመን የባንክ ካርድ ብቻ አትመኪ፤ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ፣ ቢቻል ሁለት የተለያየ ካርድ ያዢ። ማሽኑ ከመቅዳትሽ በፊት ከምትቀጂው በላይ ገንዘብ ያስይዛል፣ ኋላ ይለቀዋል፣ በዴቢት ካርድ ግን መለቀቁ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ሒሳብሽ ላይ ትርፍ ይኑር። ማሽን በዩሮ ላስከፍልሽ ቢል እምቢ በዪ፣ በክሮነር ይሁን፤ የዩሮው ምንዛሪ ሁልጊዜ ይጎዳል።

አሁን ወደ አውሬው። ስዊድን ውስጥ ኤልክ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን አለ፣ ትልቁ ከ500 ኪሎ ይበልጣል። እግሩ ረዥም ስለሆነ መኪና ሲመታው ሰውነቱ ኮፈኑን አልፎ በመስታወቱ ይገባል። ከሌላ አጋዘን የሚለየው በዚህ ነው። የሚንቀሳቀሰው ንጋትና ማታ ሲሆን ሴፕቴምበርና ኦክቶበር የመራቢያ ወቅቱ ስለሆነ ይበዛል። ወደ ስቶክሆልም የሚወስድሽ ዋናው ኢ4 መንገድ በአብዛኛው በሽቦ የታጠረ ነው፣ ግን አጥሩ በመውጫዎች ላይ ይከፈታል፣ የሚገባውም እዚያ ነው። መውጫ ስትቀርቢ ዓይንሽን ዳር ላይ አድርጊ። ድንገት ከገጠመሽ ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ርገጪና መሪውን ከእንስሳው ኋላ አነጣጥሪ፤ ወደ ፊት ስለሚሄድ ኋላው ነው የሚከፈተው። አንድ ካለፈ ሁለተኛውን ጠብቂ፣ ጥጃ ሊከተል ይችላል።

ከመታሽ 112 ደውዪ። ለኤልክ፣ ለአጋዘን፣ ለሚዳቋና ለዱር አሳማ ማሳወቅ ሕግ ነው፤ ቆስሎ ጫካ ቢገባም ጭምር፣ ቦታውንም በሚታይ ነገር፣ በጨርቅም ሆነ በፌስታል፣ ምልክት ማድረግ አለብሽ። አዳኝ መጥቶ ፈልጎ ከስቃዩ ያሳርፈዋል። የራስሽን መኪና ጉዳት የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አይከፍልም፣ ታይልካስኮ የሚባለው ተጨማሪ ኢንሹራንስ ያስፈልግሻል። ከመሄድሽ በፊት ውልሽ ውስጥ የዱር እንስሳ መኖሩን አንብቢ። የመኪና ብልሽት አባልነትሽም ጀርመንን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ ለአውሮፓ የሚሆነውን ከፍ ያለውን ዓይነት ያዢ፤ ከስዊድን መጎተት ከዓመቱ መዋጮ ብዙ እጥፍ ነው።

ሜላረን፦

ስለ ከተማው እኔ ልጨምር። ሳንጠያየቅ ፍርዴን ልንገርሽ፦ መኪናሽን ስቶክሆልም መሐል አታስገቢው። መከልከሉ አይደለም፣ ጥቅም የለውም ነው።

የመጨናነቅ ግብሩ እንዲህ ነው። ከሰኞ እስከ አርብ ከ6፡00 እስከ 18፡29 ወደ መሐል ከተማው ስትገቢም ስትወጪም ካሜራ ታርጋሽን ያነሳል። መቆሚያ የለም፣ ሳጥን የለም፣ ሳንቲም የለም። በኦክቶበር እንደ ሰዓቱ ከ11 እስከ 45 ክሮነር ለአንድ ማለፍ ነው፣ በቀን ከ135 ክሮነር አይበልጥም። ከ2015 ጀምሮ የውጭ ታርጋም ይከፍላል። በምዕራብ በኩል ከተማውን አልፎ የሚሄደው ኤሲንጌሌደን የሚባለው አውራ ጎዳናም ከ2016 ወዲህ ይታሰባል፣ ስለዚህ "መሐል አልገባሁም፣ አልፌ ብቻ ነው" ማለት አይሠራም። ደረሰኙ መኪናው በተመዘገበበት አድራሻ ጀርመን ድረስ በፖስታ ይመጣል፣ ኢፓስ24 በሚባል ድርጅት በኩል። ጊዜው ሳያልፍ ክፈዪ፤ ካለፈ 500 ክሮነር ይጨመርበታል። አድራሻ ከቀየርሽና ሊብሬው ላይ አሮጌው ካለ ደብዳቤው ወደዚያ ነው የሚሄደው፣ ብዙ ሰው የሚቀጣው በዚህ ነው።

ዩሮ 5 ናፍታ ስላልሽ ሁርንስጋታን የሚባለውን ጎዳና ተዪው። ከ2022 ጁላይ ወዲህ ናፍታ እዚያ የሚያልፈው ዩሮ 6 ከሆነ ነው። የሚለጠፍ ወረቀት የለም፣ ምልክቱ ግን አለ። ናቪጌሽን ብዙ ጊዜ በዚያ ይመራል፣ ሶደርማልም ደሴትን በምዕራብ የሚያቋርጥ ዋና ጎዳና ነውና። በዴንማርክም ኮፐንሃገን ከተማ ውስጥ የናፍታ ገደብ አለ፤ የአንቺ ከ2011 በኋላ ስለተመዘገበ አይመለከትሽም።

ማረፊያሽን ከደቡብ በኩል ያዢ። ከኢ4 ስትመጪ ግብሩ ከሚጀምርበት መስመር በፊት ኤልቭሾ እና ሼርሆልመን አሉ። ከኤልቭሾ የከተማ ዳርቻ ባቡሩ ወደ መሐል 10 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከሼርሆልመን የምድር ባቡሩ ቀይ መስመር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የራሱ ማቆሚያ ያለው ሆቴል እዚያ ከያዝሽ መኪናውን አራት ሌሊት አትነኪውም፣ የመጨናነቅ ግብርም ጨርሶ አትከፍዪም። ባቡሩን በባንክ ካርድሽ በሩ ላይ አስነክተሽ ትገቢያለሽ፣ አንዱ ቲኬት ከ40 ክሮነር በላይ ነው፣ ለ75 ደቂቃ አውቶቡሱንም ይጨምራል። ለአራት ቀን ግን የ72 ሰዓት ቲኬት አስቢ።

መንገድ ዳር ማቆም ካስገደደሽ ምልክቱን ማንበብ ልመጂ፣ እዚህ ነው ገንዘብ የሚያልቀው። ከሰሌዳው ላይ ያሉት ተራ ቁጥሮች ለሥራ ቀናት ናቸው። በቅንፍ ውስጥ ያሉት ለቅዳሜና ለበዓል ዋዜማ። ቀይ ቁጥሮች ለእሑድና ለበዓል። ለምሳሌ "አቭጊፍት" ከሚለው ቃል ጋር 7-19 በተራ፣ 11-17 በቅንፍ ካየሽ፣ ከሰኞ እስከ አርብ ከ7 እስከ 19፣ ቅዳሜ ከ11 እስከ 17 ይከፈላል፤ ቀይ ስለሌለ እሑድ ነጻ ነው። አንድ ምሰሶ ላይ ሌላ ሰሌዳ ተደርቦ የአንድ ቀን ስምና 0-6 ካለበት ደግሞ በዚያ ሌሊት መንገዱ ይጠረጋልና ማቆም ጨርሶ ክልክል ነው። ከፍለሻል አልከፈልሽም አይጠየቅም፣ ትቀጫለሽ። ሁሉንም ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች አንብቢ።

ምልክት በሌለበትም ሕግ አለ። ከመስቀለኛ መንገድ 10 ሜትር፣ ከእግረኛ ማቋረጫ በፊት 10 ሜትር ክልክል ነው። በሥራ ቀናት አንድ ቦታ ላይ ከ24 ሰዓት በላይ ማቆምም አይቻልም፣ ስለዚህ ነጻ መንገድ አገኘሁ ብለሽ ለአራት ቀን አትተዪው። በባቡር ጣቢያ አጠገብ ያሉ የተሳፋሪ ማቆሚያዎችም የቀን እንጂ የሳምንት ማሳደሪያ አይደሉም።

ኢዚፓርክ የሚባለው መተግበሪያ ጀርመን ውስጥ የምትጠቀሚበት ከሆነ እዚህም ይሠራል። ታርጋውን ያለ ሰረዝና ያለ ክፍተት አስገቢ። ስልኩ በራሱ የሚጠቁምሽን የቦታ ቁጥር አትመኚ፣ ሰሌዳው ላይ ካለው ጋር አስተያዪ፤ በመንገዱ ማዶ ያለው ቁጥር የሌላ ባለቤት ሊሆን ይችላል፣ ከፍለሽም ቅጣቱ አይቀርም።

ሌሊት ነጂ፦

ከባልቲክ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ለብቻው ለሚነዳ ሰው የትራቬሙንደው የሌሊት ጀልባ የመጀመሪያ ምርጫ እንጂ ሦስተኛ አይደለም። ከሃምቡርግ ትራቬሙንደ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሥራ በኋላ ይደረሳል። ካቢን ውስጥ ትተኛለሽ፣ ጠዋት ትሬሌቦርግ ትወርጃለሽ፣ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተሽ ሳይጨልም ስቶክሆልም ትገቢያለሽ። የኦሬሱንድ ክፍያ የለም፣ የዮንሾፒንግ ሆቴል የለም፣ የዴንማርክ ነዳጅ የለም። እነዚያን ደምሪና ከካቢኑ ዋጋ ጋር አስተያዪው፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው የሚሆነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። የስዊድን የአልኮል ወሰን በደም ውስጥ 0.2 ፕሮሚል (ከሺህ) ነው፣ ከጀርመኑ 0.5 በጣም ያንሳል። ፖሊስ ጠዋት ከጀልባ የሚወርዱትን ወደብ ላይ ያስነፍሳል፣ ስለዚህ ማታ ባሩ ላይ አንድ ሁለት ያለ ሰው ጠዋት መንጃ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ሌላው የመኪናው ማንቂያ ነው፤ ጀልባው ሲወዛወዝ ይጮኻል፣ ባሕር ላይ እያለሽ ደግሞ ወደ መኪናው መውረድ አይፈቀድም። ከመዝጋትሽ በፊት የውስጥ መቆጣጠሪያውን አጥፊ፣ ማርሽ አስገቢ፣ የእጅ ፍሬን ሳቢ። ለሌሊቱ የሚያስፈልግሽን በትንሽ ቦርሳ ያዢ።

በዴንማርክ በኩል የምትሄጂ ከሆነ ፍጥነት ላይ አትቀልጂ። ከ2021 ማርች ወዲህ ከ200 በላይ የነዳ ወይም ከ100 በላይ ሆኖ የተፈቀደውን እጥፍ ያለፈ ሰው መኪናው ይወረሳል፤ የራሱም ይሁን የተከራየው፣ የውጭ ታርጋም ቢሆን። ሥራ የሚካሄድበት 50 የተጻፈበት ቦታ ላይ በአውቶባን ልማድ 110 ማለት እዚያ ያደርሳል።

የኤልቤ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ጋሼ፣ የቡሎኑን መፍቻ ዛሬውኑ አያለሁ። የሌሊት ጀልባውን ለመሄጃ፣ ፑትጋርደንን ለመመለሻ አስቤያለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ድንበር ላይ ምን ይጠየቃል? ኢ4 ላይስ የት የት ልረፍ፣ ድካም ቢይዘኝ መኪና ውስጥ መተኛት ይቻላል?

ባልቲክ፦

ሁለት ሰነድ በአንድ ላይ ያስፈልጋል፦ ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርትና የጀርመን መኖሪያ ካርድ። ካርዱ ብቻውን አይበቃም፣ ፓስፖርቱም ብቻውን አይበቃም። በእነሱ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን በሌሎች የሼንገን አገሮች መቆየት ትችያለሽ። ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም፦ ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁ ወይም ዱልዱንግ (ከአገር መባረር ለጊዜው የታገደበት ወረቀት) ያላቸው በዚያ ወረቀት ከጀርመን መውጣት አይችሉም። ካርዳቸው ታድሶ እስኪመጣ ጊዜያዊ ወረቀት የያዙ ደግሞ ከመነሳታቸው በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ሼንገን ነው ብለሽ ሰነዱን ሻንጣ ሥር አትቅበሪው። ስዊድን ስትገቢ ፖሊስ ሊያስቆምሽ ይችላል፣ ጀርመንም ከ2024 ሴፕቴምበር ወዲህ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ መፈተሽ ጀምራለች፣ ስለዚህ ስትመለሺም ሊደርስብሽ ይችላል። ሊብሬውን ዋናውን ያዢ። መኪናው በሌላ ሰው ስም ከሆነ የፈቃድ ደብዳቤ አጽፈሽ ፈርሞበት ይሁን። የጤና ኢንሹራንስ ካርድሽም ከጀርባው ያለው የአውሮፓ ካርድ ስለሆነ አትርሺው።

ዕረፍትን በተመለከተ፦ ከትሬሌቦርግ በኢ6 ማልሞን በውጭ ቀለበቱ ዙረሽ ወደ ሄልሲንግቦርግ ትወጪያለሽ። እዚያ ልብ በዪ፣ ኢ6 ወደ ጎተንበርግ ይቀጥላል፣ ኢ4 ወደ ስቶክሆልም ይገነጠላል። ከዚያ ቬርናሙ ድረስ ጫካ ብቻ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ድምፅ የሌለው መንገድ፤ እንቅልፍ የሚያመጣው ይሄ ክፍል ነው። የመጀመሪያውን ረዘም ያለ ዕረፍት ከእሱ በፊት አድርጊ፣ ሁለተኛውን ዮንሾፒንግ። ከዮንሾፒንግ በኋላ መንገዱ የቬተርንን ሐይቅ ዳር ይዞ ይወጣል፤ የስዊድን ሁለተኛው ትልቁ ሐይቅ ነው። ግሬናን እንዳለፍሽ ብራሄሁስ የሚባል የፈረሰ ቤተ መንግሥት አጠገብ ማረፊያ አለ፣ ከላይ ሆነሽ ሐይቁንና ቪሲንግሶ ደሴትን ታያለሽ። እዚያ ሳትቆሚ አትለፊ፣ ከመንገዱ ሁሉ የሚያምረው ነው። ከጎን የሚመጣው ነፋስ ግን በዚህ ክፍል ጠንካራ ስለሆነ የጭነት መኪና ስታልፊ መሪውን በሁለት እጅ ያዢ። ከዚያ ሊንሾፒንግ፣ ኖርሾፒንግ፣ ሶደርቴልዬ ነው። ከሶደርቴልዬ ወዲያ ከ15፡00 እስከ 18፡00 ይጨናነቃል።

ኢ4 ላይ በአብዛኛው 110፣ አንዳንድ ቦታ 120፣ ከተሞች አጠገብ 90 ወይም 100 ነው። ካሜራ ካለ ቀድሞ ሰማያዊ ምልክት አለ። ካሜራ ጠቋሚ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው።

መተኛት ይቻላል። በመንግሥት የመንገድ ማረፊያዎች እስከ 24 ሰዓት መቆም ይፈቀዳል፣ መጸዳጃ ቤቱም ነጻ ነው። ዓይንሽ መክበድ ሲጀምር ቡና ጠጥተሽ ወዲያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተኚ፤ ቡናው የሚሠራው ስትነቂ ነው። ከዚያ በላይ ከተኛሽ ደንዝዘሽ ትነሻለሽ። ለሌሊት ግን ማደያና ምግብ ቤት ያለበትን፣ መብራት ያለውን ምረጪ፣ በሩን ቆልፊ፣ ቦርሳ ከመቀመጫ ላይ አንሺ። ተፈጥሮ የሁሉም ነው የሚለው የስዊድን ሕግ ለእግረኛ እንጂ ለመኪና አይሠራም፤ ከመንገድ ወጥቶ ሜዳ ወይም ጫካ ውስጥ መንዳት ክልክል ነው።

ሜላረን፦

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ኤልቭሾ ስትገቢ ናቪጌሽኑ ሶድራ ሌንከን ወደሚባለው ዋሻ እንዳይወስድሽ፤ ከመሬት በታች መገንጠያና መውጫ ስላለው ሳተላይቱ ሲጠፋ ስልኩ ዘግይቶ ይናገራል። ካርታውን አስቀድመሽ ስልክሽ ላይ አውርጂ፣ ከዋሻው በፊት የምትወጪበትን መውጫ ስም በወረቀት ጽፈሽ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፊ። ካመለጠሽ ደግሞ መሐል ዋሻ ውስጥ መስመር አትቁረጪ፣ ወጥተሽ ተመለሺ፤ የሥራ ቀን ከሆነ ኤሲንጌሌደን ላይ ብትወጪም የምትከፍዪው ከ45 ክሮነር አይበልጥም።